የምንጣፉን ጫፍ የያዘው ሰው

በካይሮ ከተማ እንደ አቲያ ያለ ገራገር ሰው አልነበረም፤ እንደ አቲያ የሚፈራ ሰውም አልነበረም። በሙያው የአህያ ኮርቻ ጠጋኝ ነው። ጠዋት ሱቁን ይከፍታል፣ ጭድ ይጠቀጥቃል፣ በወፍራም መርፌ ይሰፋል፣ አዛን ሲሰማ ታጥቦ መስጊድ ይሄዳል። በሰው ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ነገር ግን ከአባቱ የወረሰው ሌላ ሥራም ነበረው። ለዚያኛው ሥራ አንዳንዴ ዓመት ሙሉ አይጠራም፤ ሲጠራ ግን ከተማው በሙሉ ትንፋሹን ይውጣል።

ሱልጣኑ ከኢስታንቡል የሚልኳቸው ፓሻዎች ካይሮን የሚገዙት ከኮረብታው ምሽግ ላይ ሆነው ነው። ወታደሩ፣ ፈረሱና እህሉ ያለው ደግሞ ከታች ከተማው ውስጥ በሚኖሩት፣ በዮች በሚባሉት የጦር አለቆች እጅ ነው። በዮቹ አንድ ፓሻ ሲሰለቻቸው ጦር አይሰብቁም፤ አቲያን ያስጠራሉ። አቲያ ጥቁር ካባውን ይለብሳል፣ ሰፊ ቆቡን ይደፋል፣ በአህያው ወደ ምሽጉ ይወጣል። አዳራሽ ገብቶ እጅ ይነሳል። ከዚያ ጎንበስ ይልና ፓሻው የተቀመጡበትን ምንጣፍ አንዱን ጫፍ አጥፎ፣ «ፓሻዬ፣ ይውረዱ» ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። ስሙ ሲጠራ አገር የሚንቀጠቀጥለት ሹም ይህን ቃል ከአንድ ኮርቻ ጠጋኝ አፍ ሲሰማ ተነስቶ ጫማውን ይፈልጋል። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። ልማድ ነዋ!

የታጠፈችዋ ጫፍ ደግሞ የራሷ ሥርዓት አላት። ያጠፋት ሰው እንደያዛት ይቆያል። አዲስ ፓሻ ከኢስታንቡል እስኪመጣ አገሩን የሚጠብቅ እንደራሴ ከበዮቹ መካከል ይመረጥና፣ ገብቶ ጫፏን በእግሩ ረግጦ ይዘረጋታል። ያኔ ሥልጣን ከሰው ወደ ሰው ተላለፈ ይባላል። ማንም ሳይረግጣት ብትለቀቅና ራሷ ብትዘረጋ ግን ፓሻው አልወረዱም ማለት ነው፤ የለቀቃት ሰውም አንገቱን ይሰጣል። እንደራሴው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው በር ላይ ስለሚጠብቅ አቲያ ጫፏን ይዞ የሚቆየው ስኒ ቡና ተጠጥቶ እስኪያልቅ ያህል ነበር።

ይህ ሥራ ለሰፈር ኑሮ አይመችም። አቲያ እንግድነት ሲሄድ ባለቤቶቹ ምንጣፋቸውን ጠቅልለው ያነሱና ባዶ ወለል ላይ ያስቀምጡታል። እሱም ባዶ ወለል ላይ በልቶ፣ አልሐምዱሊላህ ብሎ፣ ቤቱን መርቆ ይነሳል። አልተቀየመም። የከፋው ግን በአንድ ልጁ በናዚክ በኩል የመጣበት ነው። ናዚክን የጠየቁ ሁሉ የአባቷን ሥራ ሲሰሙ ሰበብ ፈልገው ይጠፋሉ። በመጨረሻ የመጣው የሻማ ሠሪው የሐጅ ደርዊሽ ልጅ ነበር። ልጁ ናዚክን ወዷል፤ እሷም እሱ ባለፈ ቁጥር መስኮት ላይ ልብስ ማስጣት አብዝታለች። የቀረው የሐጅ ደርዊሽ ፈቃድ ብቻ ነው።

«አቡ ናዚክ፣ ልጅህስ ጥሩ ልጅ ናት» አለ ሐጅ ደርዊሽ ሱቁ ውስጥ ቆሞ። «ሥራህ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።»

«ኧረ ሐጅ፣ እኔ ፓሻ እንጂ ሻማ ሠሪ አላወርድም።»

«እሱን ተወው። የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ሐሙስ ከሰዓት፣ የአስር ሰላት እንዳለቀ፣ ልጅህን በገዛ እጅህ ትሰጠናለህ። ወኪል ምናምን አልፈልግም።»

«ወኪል እኮ በሸሪዓ የተፈቀደ ነው።»

«መፈቀዱንማ አውቃለሁ። የትልቁን ልጄን ሚስት የሰጠን ወኪል ነው፤ የአጎቷ ልጅ። ‹እኔ አይደለሁ የሰጠኋችሁ› እያለ እስከ ዛሬ ዓርብ ዓርብ ለምሳ ይመጣል። ዳክዬዎቼን ጨረሳቸው! ሐሙስ ካልመጣህ አላህ መንገዱን እያሳየኝ ነው ብዬ ልጄን ሌላ ቤት እድረዋለሁ።»

«ኢንሻአላህ እመጣለሁ» አለ አቲያ። ለሐሙስ ምን ሥራ አለውና!

ሰኞ ጠዋት በዮቹ አስጠሩት።

አቲያ ካባውን ለበሰ፣ ወጣ፣ ገባ፣ እጅ ነሳ፣ ጫፏን አጠፈ። «ፓሻዬ፣ ይውረዱ።»

ፓሻው ፂማቸው የሸበተ፣ ፊታቸው የደከመ ሰው ነበሩ። «ደረሰ? እንኳን ሣጥኖቼን አልፈታሁ» አሉና ጎን ካለው ክፍል ገቡ። አቲያ ጫፏን ይዞ ቁጢጥ ብሎ እንደራሴውን ጠበቀ። ስኒ ቡና የሚጠጣበት ጊዜ አለፈ። ማሰሮ ቡና የሚጠጣበትም ጊዜ አለፈ። በመጨረሻ የምሽጉ አጋፋሪ በኪር አጋ በትሩን ይዞ ከበር ተመለሰ። በኪር አጋ ሥርዓት ከሚፈርስ ቤቱ ቢፈርስ የሚመርጥ ሽማግሌ ነው።

«እንደራሴው የት አሉ?» አለ አቲያ።

«እንደራሴዎቹ በል። ሻሂን በይም ዱርሙሽ በይም አልሸነፍ ስላሉ ሁለቱም ተሾመዋል። እኩል።»

«ጥሩ ነዋ። ታዲያ አይገቡም?»

«እኩል ስለሆኑ እኩል መግባት አለባቸው። የምሽጉ በር ደግሞ የሚያስገባው አንድ ፈረስ ነው።»

«አንዳቸው ቢቀድሙስ?»

«የቀረው ሁለተኛ ይሆናላ!»

«በእግራቸው ቢገቡስ?»

በኪር አጋ በአቲያ ፈንታ አፈረ። «እንደራሴ? በእግሩ?» አለ።

ሁለቱ በዮች ከበሩ ግራና ቀኝ ድንኳን ተከሉ። ግንበኛ ተጠርቶ የበሩን ድንጋይ በመዶሻ ሲያንኳኳ ዋለና፣ «ይሰፋል፤ ኢንሻአላህ እስከ ክረምት» አለ። አንድ አዋቂ ሁለቱም በአንድ ፈረስ ይግቡ ብሎ ምክር ሰጠ፤ ከፊት ማን ይቀመጥ በሚል ጭቅጭቅ ግን ሊጋደሉ ደረሱ። ሌላው አዋቂ አንደኛው ፊቱን ወደ ጅራቱ አዙሮ ይቀመጥ አለ፤ እሱን አባረሩት። ከዚህ በቀር ግን በመካከላቸው ጥል አልነበረም። ዱርሙሽ በይ የተጠበሰ በግ ለሻሂን በይ ይልካሉ፤ ሻሂን በይ እርግብ በሩዝ ጠቅጥቀው ለዱርሙሽ በይ ይልካሉ። ጫፏን ይዞ ቁጢጥ ያለውን ሰው ያስታወሰ የለም።

ያስታወሰው ሌላው ሕዝብ ነው። ማክሰኞ ጠዋት በኪር አጋ በትሩን መሬት ላይ ሦስቴ መታና ሁለት ሰዎች አስገባ።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?» አለ አቲያ።

«ባለጉዳዮች።»

«እኔ ጋ ምን ይሠራሉ?»

«አገር ያለ ገዢ አያድርም። ፓሻው ወርደዋል፣ እንደራሴዎቹ አልገቡም። ምንጣፉ ያለው ባንተ እጅ ነው።»

«ጫፉ ነው ያለው፣ በኪር አጋ! ጫፉ ብቻ!»

«ያለን እሱ ነው» አለ በኪር አጋ።

ከሁለቱ አንደኛው ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ሁለተኛው ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤቱ። ስለ ጭስ ነው የተካሰሱት። ለረጅም ጊዜ ተናገሩ፣ ተሰዳደቡ፣ ማሉ። አቲያ ግራ ገብቶት፣ «እኔ ምኑን አውቄው! እባካችሁ ተስማሙ» አለ። በኪር አጋ በትሩን መታ። «ተስማሙ ተብሏል! አለመስማማት ክልክል ነው!» ሁለቱ ሰዎች አንገታቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ፣ እዚያው ተቃቅፈው ተሳሳሙ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወጡ።

ወሬው ከተማውን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ከቀትር በኋላ ሰልፉ እስከ ደረጃው ድረስ ደረሰ። አቲያ «ወይ እግሬ!» ካለ በኪር አጋ ጉዳዩ ለነገ ተቀጥሯል ብሎ ያውጃል። ካስነጠሰ የሚጻፍ ነገር ያለ መስሎት ጸሐፊው ብዕሩን ያነሳል። በአስር ሰላት ሰዓት እንደ ደንቡ ነጋሪት መቺዎቹ መስኮቱ ሥር ተሰልፈው ለአገሩ ገዢ ክብር መቱ፤ ስለዚህ ትንሽ ማንቀላፋትም ቀረበት። ሰላቱን በአንድ እጁ ጫፏን እንደያዘ ባለበት ተቀምጦ ሰገደ። «ጌታዬ፣ ወድጄ አይደለም፣ ታስሬ ነው» ብሎ ምሕረት ለመነ። በነጻ እጁም እስከ ሐሙስ የቀሩትን ቀናት ይቆጥር ነበር። ልጅቷ ምን ትላለች? ይሄኛውም ሰበብ አግኝቶ ሊጠፋባት ነው?

ረቡዕ ሚስቱ ሱተይታ መጣች። ብትለምን ብትማጸን የሚያስገባት ስላጣች ከባለጉዳዮቹ ጋር ተሰልፋ፣ ከአንዲት ዶሮ ከጠፋባት ሴት ኋላ ተራዋን ጠብቃ ነው የገባችው። በእጇ ባቄላ ወጥ የያዘች ድስት አለች።

«ጉዳይሽ?» አላት በኪር አጋ።

«ጉዳዬማ ባሌ ነው! አቡ ናዚክ፣ ምን ሆነህ ነው እዚህ እንደ ዶሮ ታቅፈህ የተቀመጥከው?»

«ኡሙ ናዚክ፣ ከለቀቅኳት አንገቴን ይቆርጡኛል።»

«ነገ ካልመጣህ እኔ እቆርጥሃለሁ! ልጅቷ ከትናንት ጀምሮ አልበላችም። ሐጅ ደርዊሽ ደግሞ ሰው እየላከ ‹መጣ ወይ? መጣ ወይ?› ይላል። ደስ ብሎት እኮ ነው የሚጠይቀው!»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«አገር ትገዛለህ አሉ አይደል? እስቲ ራስህን አሰናብት!»

በኪር አጋ ጣልቃ ገባ። «የያዘውን ሰው ማሰናበት የሚችለው እንደራሴው ብቻ ነው» አለ። ሱተይታ ገላመጠችው፤ ከዚያም ቁጭ ብላ ባሏን በግራ በኩል ማጉረስ ጀመረች። ሰልፉም ቆሞ ጠበቀ። እያጎረሰችው ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አላህ አይጥለንም» አለችው ስትወጣ፤ ሲጋቡ ጀምሮ የምትለው ቃል ነው፣ እስካሁንም አልጣላቸውም።

ሐሙስ ጠዋት ፓሻው ከክፍላቸው በነጠላ ጫማ ወጡ። ከወረዱ ወዲህ ማንም የሚያናግራቸው ሰው አልነበረም፤ መሄድም እንዳይችሉ በሁለቱ ድንኳን መካከል ከእግረኛ በቀር አያልፍም። አቲያ አጠገብ ባዶ ወለል ላይ ተቀመጡ።

«ምነው ዛሬ ፊትህ እንዲህ ጠቆረ? ስታወርደኝ እንኳ ከዚህ ይሻል ነበር» አሉት።

አቲያ ነገራቸው። ሻማ ሠሪውን፣ ዳክዬ የጨረሰውን ወኪል፣ ልጅቷን፣ አስር ሰላትን፣ ሁሉንም።

ፓሻው፣ «ብዙ አገር ገዝቻለሁ» አሉ። «ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ። ሲዳሩ ለአንዳቸውም አልደረስኩም፤ አንዴ እየወጣሁ ነበር፣ አንዴ እየወረድኩ። ስጠኝ፤ እኔ ልያዝልህ።»

«ኧረ ፓሻዬ! እርስዎ ከያዙትማ አልወረዱም ይባላል፣ እኔም አለቀልኝ።»

«በኪር አጋ!» ሲሉ ተጣሩ ፓሻው። «እስቲ አንተ ሥርዓት ታውቃለህ። የሱልጣኑን ምንጣፍ በእጁ መንካት የሚችል ማን ነው?»

በኪር አጋ በጣቶቹ ቆጠረ። «ያጠፈው ሰው አለ። የተቀመጠበት ፓሻም አለ። ሌላ የለም።»

«እኔ የሚያጥፈው ሰው ሆኜ ብይዘውስ?»

«ካባውን ከለበሱ፣ ምንጣፉን በእግርዎ ካልረገጡ፣ አቲያም በአንደበቱ በቦታዬ ተክቻለሁ ካለ…» በኪር አጋ በደስታ ፊቱ በራ፤ በዕድሜው ሁሉ እንዲህ ያለ አዲስ ጉዳይ አጋጥሞት አያውቅም። «ይቻላል። ለምን አይቻልም!»

የኢስታንቡል ፓሻ በጭድ ትቢያ የተሞላውን ጥቁር ካባ ለበሱና ቁጢጥ አሉ። አቲያም፣ «ፓሻዬን በቦታዬ ተክቻለሁ» አለ። ጫፏን ከእጅ ወደ እጅ ሲያሳልፉ ሦስቱም ትንፋሻቸውን ያዙ። አልተዘረጋችም። በረንዳው ላይ የቆሙት ባለጉዳዮች ካባውን እንጂ ሰውየውን ስላላዩ አንዱ ወዲያው ገብቶ ስለ ጠፋበት አህያ መናገር ጀመረ። አቲያ ሲወጣ ፓሻው፣ «እባካችሁ ተስማሙ» ሲሉ ሰማ።

ደረጃው ላይ የተሰለፈው ሰው «ምን ፈረዱልህ?» እያለ ስላስቆመው ምሽጉ በር ሲደርስ ቀትር አልፎ ነበር። በአህያው ሆኖ ከውስጥ በኩል፣ «በዮቼ፣ እባካችሁ አሳልፉኝ!» ብሎ ተጣራ። ሁለቱም ከድንኳናቸው ብቅ አሉ።

«አንተ! ጫፏን ለማን ትተህ መጣህ?» አሉ ሻሂን በይ።

አቲያ ዋሽቶ አያውቅም። «ፓሻው ይዘውልኛል» አለ።

«ፓሻው?»

«ምንጣፉ ላይ ፓሻው አሉ?» ብለው ጮኹ ዱርሙሽ በይ።

ከዚህ በላይ የሰማው የለም። ሁለቱም ፈረሳቸው ላይ ዘለሉ፤ ሁለቱም በተረከዛቸው ኮለኮሉ፤ ሁለቱም እኩል በሩ ውስጥ ገቡ። መሐል ሲደርሱም ጉልበት ለጉልበት ተጣብቀው እንደ ውሻል ተቀረቀሩ። ፈረሶቹም ያፈሩ መሰሉ።

«ወደ ኋላ በል!» አሉ ሻሂን በይ።

«አንተ በል!»

«እኔ ወደ ኋላ ካልኩማ ሁለተኛ ሆንኩ!»

«እኔስ ብዬ ምን ልሆን ነው?»

አሽከሮቻቸውም ከኋላ ሆነው የየጌታቸውን ፈረስ ወደፊት ይገፉ ጀመር። አቲያ በትሕትና ጠበቀ። ይህ ሁሉ ሲሆን ፀሐይዋ አዘቀዘቀች፤ ከታች ከከተማው መስጊዶች የአስር አዛን ተሰማ። የመጀመሪያው ሙአዚን ጀመረ፣ ሁለተኛው ተከተለው፣ ከዚያ ከተማው ሁሉ። አቲያ ሐጅ ደርዊሽ ለሰላት ሲነሳና ጫማውን ሲያጠልቅ ታየው። ከአህያው ወረደ። ቆቡን አውልቆ ኮርቻው ላይ አስቀመጠ። በአራት እግሩ ሆነና ከፈረሶቹ ሆድ ሥር ገባ።

«ማነው ከሥር?» አሉ ዱርሙሽ በይ ወደ ታች ለማየት አንገታቸውን እያሰገጉ።

«አቲያ ነኝ፣ በዬ። ይቅርታ፣ እግርዎን ትንሽ ሰብሰብ ቢያደርጉልኝ።»

«ማንን ልታወርድ ነው?»

«ማንንም! ልጄን ልድር ነው።»

«መብሩክ! እንኳን ደስ ያለህ!» አሉ ሁለቱም በዮች እኩል። ከሰኞ ወዲህ በአንድ ድምፅ የተናገሩት የመጀመሪያው ቃል ነበር፤ ማንም ልብ አላለውም።

አቲያ በሌላው ጫፍ ወጥቶ ቁልቁል ሮጠ። የገበያው ሰው ጥቁር ካባውን ስላላየበት አላወቀውም፤ ከምሽጉ ሲወርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሱቁን ሳይዘጋበት አለፈ። ቤቱ ሲደርስ ሐጅ ደርዊሽ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር። ጫማውን አድርጓል። ሙሽራው ግድግዳ ተደግፎ መሬት መሬት ያያል፤ ኒካሁን የሚያስረው ሸህ በተጨባበጡት እጆች ላይ የሚጥለውን መሐረብ አጥፎ ኪሱ ከትቷል። ከውስጥ የሴቶች ድምፅ አይሰማም።

«አስር አልፏል» አለ ሐጅ ደርዊሽ።

«መጥቻለሁ» አለ አቲያ እያለከለከ።

ሐጅ ደርዊሽ ከእግር እስከ ራሱ አየው። ጉልበቱ ፋንድያ፣ ጀርባው የፈረስ ፀጉር ነው። «ካባህስ?»

«ፓሻው ለብሰውታል።»

«አህያህስ?»

«ከምሽጉ መውጣት አቃተው፤ እኔ በሁለት እንደራሴዎች ሥር ሾልኬ ነው የመጣሁት። ሐጅ፣ በገዛ እጅህ ብለኸኝ የለ!» አለና ቀኝ እጁን ዘረጋ።

መዳፉ ግን አልተከፈተም። ያን ሁሉ ጊዜ ምንጣፍ ጨብጦ ስለቆየ ጣቶቹ እንደ አሞራ ጥፍር ተቆልምመው ደርቀዋል። ሸህ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «መጨባበጥ ያስፈልጋል፣ አውራ ጣትም ከአውራ ጣት ጋር መግጠም አለበት» አለ። አቲያ በግራ እጁ ቀኙን ሊያላቅቅ ታገለ፤ አልሆነለትም። ፊቱ ላይ ላብ ቸፈፍ አለ።

ሐጅ ደርዊሽ ጎንበስ ብሎ ጣቶቹን አየ። ከዚያ ጫማውን አወለቀ። ገባና አቲያን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠው፤ እውነተኛው፣ ያልተጠቀለለው ምንጣፍ ላይ። አጠገቡ ተቀምጦ የተቆለመመውን እጅ በሁለቱ እጆቹ ያዘው። የሻማ ሠሪ እጅ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ሰም ሲያላውስ የለሰለሰ፣ የሞቀ። «የሞራ ቅባት አምጡ» አለ። ቀባው፣ አሸው፣ እንደ ደረቀ ሰም በቀስታ አላወሰው።

«ምን ዓይነት መንግሥት ነው እንዲህ ያደነዘዘህ?» አለው።

«ጫፉን ብቻ ነው የያዝኩት፣ ሐጅ።»

«ሙሉውን ብትይዝማ ክንድህ ይቀር ነበር!»

ሙሽራው ሳቀ። ከውስጥ ሴቶቹም ሳቁ። ጣቶቹ አንድ በአንድ ተላቀቁ፤ በመጨረሻ አውራ ጣቱም ቀና አለች። ሸህ መሐረቡን ከኪሱ አወጣ። አቲያና ሙሽራው ተጨባበጡ፤ መሐረቡ እጃቸው ላይ ወደቀ። አቲያ ቃሉን አልሳተም። «ልጄን ናዚክን ድሬልሃለሁ» አለ። «ተቀብያለሁ» አለ ልጁ ሸህ ገና ሳያዘው። እልልታው ቤቱን ሞላው። አቲያ ዓይኑን ጨፍኖ አልሐምዱሊላህ አለ፤ ደግሞም አለ። ሌላ የሚለው አልነበረውም፤ ቢኖረውም ከዚያ አይበልጥም።

ማዕድ ሲቀርብ ከምሽጉ አንድ ጢማም ወታደር እያለከለከ ገባ።

«በዮቹ አሁንም በሩ ላይ ናቸው» አለ። «እንዳንተው ከሥራቸው ሾልኬ ነው የወጣሁት። ፓሻው እግራቸው ደንዝዟል፤ ሰልፉም ደረጃውን ሞልቷል። ‹መቼ ነው የምትመጣው?› ይሉሃል።»

ሐጅ ደርዊሽ አቲያን አየው፤ ሱተይታም ከበሩ ወዲያ አንገቷን አስግጋ አየችው። አቲያ ከምንጣፉ አልተነሳም። ከፊቱ ካለው ሳህን በሩዝ የተጠቀጠቁ እርግቦች መርጦ፣ ሙሉኺያ የሚባለውን የቅጠል ወጥም ጨልፎ፣ ዳቦ ጨምሮ ለወታደሩ ሰጠው።

«ለፓሻው ነው?» አለ ወታደሩ።

«ለእንደራሴዬ ነው። ገና መብላቴ ነው በላቸው፤ ስጨርስ እመጣለሁ።»

ወታደሩ ከሰኞ ወዲህ ከማን ትእዛዝ እንደሚቀበል ጠፍቶበት የከረመ ሰው ነው። አሁን እፎይ አለ፤ እጅ ነሳና ሳህኑን ይዞ ወጣ።